ፊልሙ የቆረጣት አማት

ሂልብሮው፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሲላስ፣ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ።

አዎ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። አዎ፣ አቶ ዱባለና ሌሎቹ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰምተዋል። አይ፣ ኤርጎጌ አልሰማችም። እናታችሁ ሆሳዕና ከተማ ከተቀበሩ ይኸው ሳምንት አለፈ፤ እህትህ ግን ከጎኔ አልጋ ላይ ተጋድማ የተውኔቱን ቃል ታጠናለች። እያየኋት ነው የምጽፍልህ። አትደውልልኝ ያልኩህም ለዚህ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምናድረው፤ ድምፅህን ከሰማች ‘ሲላስ ነው? ስጪኝ!’ ብላ ስልኩን ትነጥቀኛለች፣ እኔም እዚያው እለቀልቀዋለሁ። በኢሜይል ጻፍልኝ። እኔም አውራ ጣቴ እስኪዝል እጽፍልሃለሁ።

ተውኔቱ ቀረ ወይ ላልከኝ፣ አልቀረም። እንዴት አድርጎ ይቅር? ጉዱን ያመጣኸው አንተው ነህ! አምና ማኒላ ያየኸውን ያንን የድሮ የፊሊፒንስ ፊልም በስልክ ተረክህላት፤ እሷ ለእኔ ተረከችልኝ፤ እኔ ለድራማ ቡድኑ ተረክሁ። አሁን የፋሲካ ማግስት ክሊፕታውን አዳራሽ እናሳያለን ብለን አገሩን ሁሉ ጠርተናል። ታሪኩን ታውቀዋለህ። ፔላጊያ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት። ባሏን ባሕር በልቶታል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። እንዳይነግሯት ተማክረው በየጠዋቱ ደጇ ላይ ዓሣ ያስቀምጡላትና ‘ባልሽ ከሩቅ ወደብ ልኮልሽ ነው’ ይሏታል። ፔላጊያን የምትሠራው ማን ናት? እህትህ። መንደርተኛ ሆነን የምንዋሻትስ? እኛው፣ በእውነትም የምንዋሻት። ልምምድ ላይ ዓሣውን ሳቀብላት ፊቴን አዞራለሁ። ደሞ እኮ ዓሣ አይደለም፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ነው።

ኧረ በጌታ፣ ፈቃድ ስጠኝ! የቀራት የሥጋ ዘመድ አንተ ብቻ ነህ፤ አቶ ዱባለም ‘ወንድሟ እሺ ሳይል አፋችንን አንከፍትም’ ብለዋል። እሺ በልና አንድ ቀን ንጋት ላይ ተሰብስበን እንደ ወጉ መርዶዋን እንንገራት። ተውኔቱም ይቅር፣ አዳራሹም ይቅር።

አንተስ እንዴት ነህ? አጠገብህ ማን አለ? አለቀስክ?

ዝማሬ

ካቪቴ፣ ፊሊፒንስ
መጋቢት 3 ቀን 2017

እትዬ ዝማሬ፣ ሰላምታዬ ከብዙ ይቅርታ ጋር ይድረስሽ። ቶሎ ያልመለስኩልሽ ምን ብዬ እንደምመልስ ጨንቆኝ ነው።

አይሆንም። አትቆጪኝ፣ አይሆንም። አባታችን ያረፈ ጊዜ ምን እንደሆነች ረሳሽው? ሱቁን ክፍት ጥላ፣ ሲሊፐር እንዳደረገች ታክሲ ተሳፍራ ኤርፖርት አይደለም እንዴ ያገኛችኋት? ያን ቀን ባትደርሱባት ሄዳ ነበር። በስደተኛ ወረቀት አገሯ ከገባች ደግሞ ወደዚያ መመለስ የሚባል ነገር የለም። የሰባት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው። እማዬ ራሷ ብትጠየቅ ‘ተዉአት’ ነበር የምትለው።

እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። እንደማያውቅ ሰው ‘እማዬ እንዴት ናት?’ እላታለሁ። ‘ደህና ናት፣ ትናንት አግኝቻታለሁ፣ ፈተናውን ይበርታ ብላሃለች’ ትለኛለች። የእማዬ ስልክ አልነሳ ሲላት እኔ እንዳልጨነቅ ብላ የፈጠረችው ነው። እኔም ‘ለእኔም እንደዚያው ብላኛለች’ እላለሁ። ከዚያ ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ እናወራና እንዘጋለን። ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ሳይ እቆያለሁ።

አጠገብህ ማን አለ ላልሽኝ፣ በዚህ ሰፈር ሐበሻ የለም። ያለችኝ አከራዬ አሊንግ ኔና ናት። አሊንግ ማለት እንደ እኛ እትዬ ነው። ቤቷ ደጃፍ ላይ ልክ ኤርጎጌ ክሊፕታውን እንዳላት ስፓዛ በብረት ፍርግርግ የታጠረ የሰፈር ሱቅ አላት፤ ሻምፖ በፍሬ፣ ዘይት በትንንሽ ፕላስቲክ ትሸጣለች። ስለ እማዬ አልነገርኳትም። በየትኛው ቋንቋ? እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

አለቀስክ ወይ ላልሽኝ ደግሞ፣ አላለቀስኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኤርጎጌ ካላለቀሰች እማዬ ያልሞተች ይመስለኛል። ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

የተውኔቱን መጨረሻ እንደገና ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር ባለፈው። በፊልሙ መንደርተኛው ተሰብስቦ ይነግራታል፤ እሷም አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ባሕሩ ትገባና በዚያው ትቀራለች። የምፈራው ለምን እንደሆነ ገባሽ? ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ይህንኑ ታሪክ በመድረክ በዘፈን አሳይተውት ነበር። እዚያ ጭራሽ አይነግሯትም፤ ዓሣዋን አቅፋ እየጨፈረች መጋረጃው ይዘጋል። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ወጥቼ ሄድኩ። ለአሊንግ ኔና ሁለቱንም ብነግራት ሳቀችብኝና ‘መጽሐፉን ሳታነብ ነው ይህን ሁሉ የምታወራው?’ አለችኝ። ከአያቷ የቀረ ቅጂ አላት፣ ቋንቋው የድሮ ታጋሎግ ነው። ከሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ ቁጭ ብላ ልታነብልኝ ቃል ገብታለች።

ሲላስ

ሂልብሮው
መጋቢት 10 ቀን 2017

ሲላስ፣ ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆየው፣ ዛሬ ደሜ ፈልቷል።

‘አይሆንም’ ትላለህ። አንተ ምን አለብህ! ጠዋት ማታ ፊቷን የማየው እኔ ነኝ። ሰዉን ብታየው ደግሞ ጉድ ነው። በሊፍት ወረፋ የሚጣላት ሁሉ ‘ቅደሚ እህቴ’ ማለት ጀምሯል። አቶ ዱባለ እንኳ፣ በሳቅ የማይታወቁት ሰውዬ፣ ሲያዩዋት ጥርሳቸውን ብልጭ ያደርጋሉ። ‘ምነው ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነብኝ፣ ልሞት ነው እንዴ?’ ብላ ሳቀች ትናንት። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ልምምድ ላይ የሆነውንም ስማ። ለፔላጊያ መርዶ ሊነግሩ የሚመጡበትን ክፍል እያለማመድኩ ነበር። የፊሊፒንስ መንደርተኛ መሆናቸውን ረሱት! ማንም ሳያዛቸው አቶ ዱባለን አስቀደሙ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ሁለቱ ደግሞ ስትወድቅ ሊይዟት ከኋላዋ ቆሙ። ልክ እንደ እውነቱ። ‘ኧረ አቁሙ! እዚያ አገር ነጠላ የለም!’ ብዬ ጮህኩባቸው። ኤርጎጌ ግን ካለችበት ሳትነሳ ‘ተያቸው ዝማሬ፣ ደህና አድርገው ነው የሠሩት’ አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ‘ብቻውን ላለ ሰው ከኋላው የሚቆምለት ማን ነው?’ አለች። ‘ሻይ እንጠጣ’ አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሌላ አመጣች። ‘ይቺ ፔላጊያ ሞኝ አይደለችም’ ትላለች። ‘ከሩቅ ወደብ በየቀኑ ትኩስ ዓሣ ይላካል እንዴ? ዓሣ እኮ ይሸታል! ሴትየዋ አውቃለች። ዝም ያለችው የምትደብቅለት ሰው ቢኖራት ነው።’ ‘ማን?’ ብላት ‘እኔ ምን አውቄ፣ ያየው ሲላስ ነው፣ እሱን ጠይቂው’ አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁህ። ፈቃዱንም እየጠየቅሁህ ነው። መቼ ነው እሺ የምትለኝ?

ዝማሬ

ካቪቴ
መጋቢት 19 ቀን 2017

እትዬ ዝማሬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቁጣሽ ደርሶኛል፣ ይገባኛልም። እበላለሁ፣ አዎ። አልከሳሁም፤ እሑድ ከኤርጎጌ ጋር ሳወራ በቪዲዮ ያየሽው መብራቱ ነው።

ኤርጎጌ ስለ ፔላጊያ ያለችውን ለአሊንግ ኔና ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ‘እህትህ መጽሐፉን አንብባዋለች?’ አለችኝ። አላነበበችም ብላት አላመነችኝም። ለካ ፊልሙ ቆርጦ የጣላት አንዲት ሰው አለች! የባልየው እናት፣ የፔላጊያ አማት። ዓይነ ስውር አሮጊት ናት፤ መጽሐፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከፔላጊያ ጋር አንድ ቤት ትኖራለች። በየጠዋቱ ከደጅ የሚነሳውን ዓሣ የምታበስለው እሷ ናት። ‘ልጄ የላከው ነው’ እያለች በእጇ ትዳብሰዋለች። የፊልሙ ሰዎች ‘አሮጊት ማን ብሎ ያያል’ ብለው ነው ያወጧት፣ ትላለች አሊንግ ኔና። የመድረኩ ሰዎችም ከፊልሙ ነው የቀዱት። እኛም ከፊልሙ። ስንት ጊዜ ስንተርከው ሁላችንም ያለ አሮጊቷ ነው የተረክነው።

መጨረሻው ጋ ገና አልደረስንም። ቋንቋው ይከብዳታል፤ አንዳንዱን ቃል ለጎረቤት ሽማግሌ ትጠይቃለች። እያነበበችልኝ ሳለ ሕፃን ከረሜላ ሊገዛ ይመጣና ታሪኩ ይቋረጣል።

ስለ ፈቃዱ፣ እሺ። ፈተናዬ በፋሲካ ሳምንት ያልቃል። ከተውኔቱ በኋላ ንገሯት። ከዚያ በፊት ግን አደራ። እንድትሮጥብኝ አልፈልግም። ሥፍራውና ሰዓቱ ሲወሰን ንገሪኝ፤ እዚህ ሆኜ በዚያ ሰዓት እንበረከካለሁ።

ሲላስ

ሂልብሮው
ሚያዝያ 1 ቀን 2017

ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትህ? ዛሬስ አልጮህብህም፣ ደክሞኛል።

ተወስኗል። ተውኔቱ ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ንጋት ላይ አቶ ዱባለ ቀድመው፣ ሴቶቹ ተከትለው እዚህ ክፍላችን ይመጣሉ። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ፓስፖርቷና ወረቀቷ ከሰኞ ጀምሮ እኔ ጋ ይሆናሉ፤ ሌባ ሆንኩልህ። እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አይወርድልኝም። ፎርድስበርግ ገበያ ብርድ ልብስ ስሸጥ ለደንበኛ መልስ እየተሳሳትኩ ‘ሲስ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?’ ይሉኛል።

አማቷን ተውኔቱ ውስጥ አስገባናት። ለኤርጎጌ ስነግራት ‘አላልኩሽም?’ ብቻ ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። በማግስቱ ግን አላስቀምጠን አለች! ይህን ቃል ቀይሩ፣ ያን አውጡ፣ አሮጊቷ እዚህ ጋ ትቀመጥ። ፊቤን፣ ያቺን የቤተ ክርስቲያናችንን ዘማሪ፣ አማት አድርጋ ዓይኗን ጨፍና አስቀመጠቻት። እጇን ይዛት ‘ልጅሽ ደህና ነው፣ ትናንት ሰው አይቶታል’ ስትላት አቶ ዱባለ ተነስተው ወጡ። ውጭ ባገኛቸው ‘አቧራ ነው’ አሉኝ። የምን አቧራ!

ደግሞ የአሊንግ ኔናን ስልክ ቁጥር ላክልኝ። የፈለገችው ኤርጎጌ ናት፤ ስለ አሮጊቷ አለባበስ ልጠይቃት ትላለች። ለአንተ እንዳልነግር አስጠንቅቃኛለች፣ ‘ፈተና ላይ ነው፣ አትበጥብጪው’ ብላ። እኔ ደግሞ ሚስጥር መጠበቅ ጨርሻለሁ፣ ሌላ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

ዝማሬ

ካቪቴ
ሚያዝያ 11 ቀን 2017

እትዬ ዝማሬ፣ ይህን እንዳገኘሽ አንብቢው። ቁጥሩን ያን ዕለት በአጭር መልእክት ልኬልሽ ነበር፣ እንደደረሰሽ ተስፋ አለኝ።

መጽሐፉን ጨረስን። ፔላጊያ ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን! ባሏ በወጣ በማግስቱ መቅዘፊያውን ባሕሩ ተፍቶት ዳር ላይ አግኝታዋለች። አንስታ ከቤቷ ጀርባ ቀብራዋለች። ለማንም አልተነፈሰችም፤ ከተነፈሰች ለቅሶ ይሆናል፣ ለቅሶ ከሆነ አሮጊቷ ትሰማለች። መንደሩ ለእሷ እየዋሸ፣ እሷ ለአሮጊቷ እየዋሸች፣ ዓሣውን በየቀኑ እየተቀበለች አመስግና ትገባለች። አሊንግ ኔና ይህን አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ዘጋችና በጣም ቆይታ አየችኝ። ምን እንደሆነች ብጠይቃት ‘ምንም፣ ሙቀቱ ነው’ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴ አላርፍ አለኝ። ‘ትናንት አግኝቻታለሁ’ ትለኝ ነበር። እኔ ስልኩ አልነሳ ብሏት ነው ብዬ ነበር። ግን ከወር በላይ ስልኩ ያልተነሳላት ኤርጎጌ ዝም ትላለች? ኤርጎጌን አታውቂያትም? ሆሳዕናን ሁሉ ታምስ ነበር እኮ! ጎረቤት አልደወለችም፣ እናንተን አልጠየቀችም፣ እኔን አላፋጠጠችኝም።

አይ፣ ሊሆን አይችልም። ብቻ ማክሰኞን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ንገሯት፣ ፈቅጃለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።

ሲላስ

ሂልብሮው
ሚያዝያ 13 ቀን 2017፣ ሰኞ ማታ

ሲላስ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ያየሁት አዳራሹ ከሞላ በኋላ ነው። መብራቱን የሚያበራውን ሰውዬ ፍለጋ ስሮጥ ስልኬን ከፈትኩ። ያነበብኩት ደጅ ላይ ቆሜ ነው። ተመልሼ ስገባ መጋረጃው ተከፍቷል።

ብዙ አልጽፍም፣ ዓይኔ አብጧል። ኤርጎጌ መጀመሪያው ላይ በቀይ ሻሽ ነበር መውጣት ያለባት፣ ደስተኛ ሚስት ሆና። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ሰዉ መጀመሪያ ተውኔቱ መሰለው። ከዚያ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ገባቸው። ፊቤ ዓይኗን መጨፈን ረስታ ታያታለች። እህትህ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ‘በሉ እንግዲህ፣ እናቴን አልቅሱልኝ፣ ደከመኝ’ አለች። ይኸው ነው ተውኔቱ። ሌላውን መቼም ከእኔ አትጠብቅ። አቶ ዱባለ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት። ትርኢት ሊያዩ የመጡት የክሊፕታውን ደንበኞቿ ሳይቀሩ ጫማቸውን አውልቀው መሬት ተቀምጠው አብረውን አለቀሱ።

እናትህ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው ያወቀችው። ፎርድስበርግ ጅምላ ሱቅ ስኳር ስታስጭን አንድ የአገራችሁ ሰው የተነገራት መስሎት ከወዲያ ማዶ ‘እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናትሽ ጥሩ ሴት ነበሩ’ አላት። ‘አሜን’ አለችው። ስኳሩን አስጭና ጨረሰች፣ ሱቅ ገባች፣ እስከ ማታ ሸጠች። እኛ ለእሷ ፈርተን፣ አንተ ለእሷ ፈርተህ፣ እሷ ለአንተ! ‘ካለቀስኩ ሰው ስልክ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሲላስ ጂፕኒ በሚሉት ታክሲያቸው ውስጥ ተቀምጦ ብቻውን ያየዋል’ ብላ ነው የቻለችው። የአባታችሁን ጊዜ ጠየቅኋት። ‘ያኔ የምሮጥላት እናት ነበረችኝ፣ አሁን ወዴት እሮጣለሁ?’ አለችኝ። ወረቀቷን መልሼ ሰጠኋት።

ከዚያ እውነቱን ነገርኳት፤ አንተም ከመጀመሪያው እንደምታውቅ፣ መጀመሪያ የነገርከንም አንተው እንደሆንክ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ‘አንድም ሰው አጠገቡ ሳይኖር?’ አለች። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ‘በይ ይሂዱ፣ አልከለክላቸውም። ያወቀስ ቢሆን ማን ያዘው?’ አለችኝ።

እነማን እንደሚሄዱ አትጠይቀኝ። ስልክህን ዝጋና ተኛ። ጠዋት በር ከተንኳኳ ክፈት።

ዝማሬ

ካቪቴ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017

እትዬ ዝማሬ፣

ገና ሳይነጋ አንኳኩ። በሩን ስከፍት አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው አሊንግ ኔና፣ ከእሷ ኋላ የመንገዱ ሴቶች፣ የልብስ ሰፊዋና የዳቦ ሻጩ ሚስት ሳይቀሩ። አሊንግ ኔና የገላ ፎጣ ተከናንባለች። ባለ ጥለቱን ጫፍ ወደ አንገቷ አዙራ፣ ነጠላ እንደሚዘቀዘቀው አዘቅዝቃዋለች። ኤርጎጌ ነበረች በስልክ ሁሉንም ያስረዳቻቸው፤ ለካ ቁጥሩን የፈለገችው ለዚህ ነው። ሽማግሌ ይቅደም፣ በር ላይ ምንም አትናገሩ፣ መጀመሪያ አስቀምጡት፣ ሁለት ሰው ከኋላው ይቁም።

አስቀመጡኝ። ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ቆሙ። አሊንግ ኔና መዳፏ ላይ በእስክርቢቶ የጻፈችውን እያየች በእኛው ቋንቋ ‘ሲላስ፣ እናትህ’ አለች። ቀሪውን ማንበብ አቃታት። እኔ የማውቀውን ነገር ልትነግረኝ አቅቷት ስታለቅስ ሳይ እዚያው ፈረስኩ። ያዙኝ። ከወንበሩ ወድቄ ነበር፣ ያዙኝ። እንደዚያ አድርጌ የጮህኩት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም ዝም በል አላለኝም።

አሁን ቤቱ ሞልቷል። ሩዝ እየተቀቀለ ነው፤ ዘጠኝ ቀን እየመጣን አብረንህ እናመሻለን ብለውኛል፣ የእነሱም ወግ ነው። አሊንግ ኔና ሱቋን አልከፈተችም። ሕፃናቱ ፍርግርጉን እየነኩ ‘ምነው ተዘጋ?’ ይላሉ።

አትደውል ብለሽኝ ነበር። አሁን ልደውል ነው፣ ስልኩን ለኤርጎጌ ስጪያት።

ሲላስ